አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (እ.ኤ.አ. 1868–1947) ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ የቋንቋ መምህር፣ የድሬዳዋ ነጋድራስና ዲፕሎማት ነበሩ። በአማርኛ የተጻፈውን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ያሳተሙ ደራሲ ናቸው። የዳግማዊ ምኒልክን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ ያወጡት፣ በኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተማሩትና ለውጭ አገር ሰዎች የአማርኛ ሰዋስው ያዘጋጁትም እርሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ፣ በአድዋ ጦርነት ዘመንና በ1928 ዓ.ም. በጀመረው የጣሊያን ወረራ ወቅት፣ ከጣሊያን ወገን ስለ ቆሙ ስማቸው በአድናቆትም በወቀሳም ይነሣል።

ስለ ነገሥታት የጻፉት ታሪክ በዘመኑ ከነበሩ ምሁራን ጠንካራ ትችት ገጥሞታል። ከተቺዎቹ ዋነኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ሰዎች በተለያየ ጊዜ የድሬዳዋን ጉምሩክ በኃላፊነት መርተዋል።

ልደትና አስተዳደግ

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ በቡና ተክሉና በጥንታውያን ገዳማቱ የሚታወቅ ባሕረ ገብ መሬት ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎቻቸው በሥዕል የተሸፈኑ ናቸው። አፈወርቅ የልጅነት ትምህርታቸውን የቀሰሙት በዚያው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው።

ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ጋር የሥጋ ዝምድና ስለ ነበራቸው በወጣትነታቸው ወደ ሸዋ መጥተው ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለመግባት ቻሉ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ሲሆኑ፣ ከአውሮፓውያን ጋር ግንኙነት በመፍጠር የእጅ ጥበብና አዲስ ዕውቀት ወደ አገር ለማስገባት ይጥሩ ነበር። የአፈወርቅም የሥዕል ተሰጥዖ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ጣሊያን ተላኩና በቶሪኖ ከተማ በአልበርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። በዚያ ዘመን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ከተሻገሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሠሩ ታዘዙ። ይሁን እንጂ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አለመግባባት ተፈጠረ። ቅራኔው በቤተ መንግሥት የነበራቸውን ቦታ ከማናጋቱም በላይ ብዙ ዓመት የቆየ ጥላ ጥሎባቸው አልፏል።

ከስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያን

እ.ኤ.አ. በ1894 አፈወርቅ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ጉዟቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ከሚላኩ ወጣቶች ጋር ሲሆን፣ ከወጣቶቹ አንዱ የምኒልክ አጎት የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ ዳርጌ ነበር። መኖሪያቸውም ኔሻቴል በተባለችው ከተማ ሆነ።

ወቅቱ አስጊ ነበር። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም ስለ ተሰጠው ኢትዮጵያና ጣሊያን ወደ ጦርነት እያመሩ ነበር። በጦርነቱ ወቅት አፈወርቅና ወጣቶቹ ስዊዘርላንድን ትተው ወደ ጣሊያን ወገን ገቡ። ለጣሊያኖች ከንጉሣዊ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት በእጃቸው መግባቱ የፖለቲካ ጥቅም ነበረው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በአድዋ ድል ሲያደርግ ግን ይህ ሁሉ ተስፋ ከሸፈ። ለአፈወርቅ የቀረላቸው ትርፍ በአገራቸው ቤተ መንግሥት እንደ ከዳተኛ መታየት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሯቸው በጣሊያን ሆነ፤ ጣሊያናዊት ሚስትም አገቡ።

የኔፕልስ መምህርነት

አፈወርቅ ከ1890ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በኔፕልስ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። በተቋሙ የአማርኛ ትምህርት ኃላፊ ከነበሩት ከፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር በረዳትነት ሠርተዋል። ጣሊያን ኤርትራን ይዛ ስለ ነበር ቋንቋውን የሚያውቁ ሹማምንት፣ ነጋዴዎችና አስተርጓሚዎች ያስፈልጓት ነበር። ተማሪዎቹም በአብዛኛው ለዚህ ሥራ የሚዘጋጁ ነበሩ።

አማርኛን ለአውሮፓውያን የሚያስረዱ መጻሕፍት ከዚያ በፊትም ነበሩ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698፣ ኢዘንበርግ በ1842፣ ፕሬቶርዩስ በ1879 የአማርኛ ሰዋስው አሳትመዋል። ጣሊያናዊው ኢኛትሲዮ ጉዊዲም ሰዋስውና ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተዋል። የአፈወርቅ ሥራ ልዩ የሚሆነው አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ራሱ ቋንቋውን ለባዕዳን ለማስረዳት መነሣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በሮም የአማርኛ ሰዋስውና የጣሊያንኛና የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አወጡ። በ1911 ደግሞ የአማርኛን ግሥ ብቻ የሚመለከት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጨመሩ። የአማርኛ ግሥ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ጾታውንና ቁጥሩን በአንድ ቃል አጣምሮ ስለሚይዝ ለውጭ አገር ተማሪ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው የተጓዦች መምሪያቸው በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ ነው። መጽሐፉ የቋንቋ መማሪያ ቢሆንም በንግግር መልክ የቀረቡት ክፍሎቹ የአገሪቱን አስተዳደር ይተቻሉ። ወታደር ገበሬውን እንዴት እንደሚያስጨንቅ፣ የባሪያ ንግድ ያደረሰውን በደልና የሥራ ንቀትን ያነሣሉ። ከዚሁ ጎን የጣሊያንን ሥልጣኔ የሚያወድሱ ክፍሎች ስላሉበት፣ አንዳንድ አንባቢዎች የለውጥ ጥሪ፣ ሌሎች ደግሞ የቅኝ ገዥ ስብከት አድርገው ተመልክተውታል።

ጦቢያ

በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው ልብ ወለድ ታሪክ የተባለው መጽሐፍ በኋላ ጦቢያ በሚል ስም ይበልጥ ታወቀ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሲሆን፣ በአፍሪካ ቋንቋዎች ከተጻፉ ቀደምት ልብ ወለዶችም አንዱ ነው። ዛሬ ለዚህ የድርሰት ዓይነት መጠሪያ የሆነው ልብ ወለድ የሚለው ቃል የተለመደው ከዚሁ ርእስ ጋር ተያይዞ ነው።

ታሪኩ በክርስቲያኖችና ክርስቲያን ባልሆነ ንጉሥ ሠራዊት መካከል በተደረገ ጦርነት ይጀምራል። የክርስቲያኖቹ የጦር አለቃ ተማርኮ ለባርነት ሲዳረግ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። የጦር አለቃው መንታ ልጆች ዋሕድና ጦቢያ ናቸው። ዋሕድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ወጥቶ እርሱ ራሱ በባርነት ይያዛል። ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ለመፈለግ ትነሣለች። ከብዙ መከራ በኋላ ታሪኩ የሚደመደመው በንጉሡ መጠመቅ፣ በጋብቻና በዕርቅ ነው።

የሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች ከመጽሐፉ ከሁሉ በላይ የሚያደንቁት ቋንቋውን ነው። የጎጃምና የዘጌ አማርኛ ብልጽግና፣ የተፈጥሮ ገለጻውና የቃላቱ ምርጫ ለኋላ ጸሐፊዎች አርአያ ሆኗል። መጽሐፉ በትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተነብቧል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራትም እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል።

ስለ ነገሥታት የጻፉት ታሪክ

በ1901 ዓ.ም. አፈወርቅ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ በሮም አሳተሙ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ የሚጻፈው በቤተ መንግሥት በተሾሙ ጸሐፌ ትእዛዞች ሲሆን፣ አብዛኛውም በግእዝ የተጻፈና በብራና የተቀመጠ ነበር። የአፈወርቅ መጽሐፍ በሕዝብ ቋንቋ ተጽፎ በማተሚያ ቤት የተባዛ፣ በሕይወት ያለ ንጉሥ ታሪክ በመሆኑ አዲስ ነገር ነበር።

መጽሐፉ የምኒልክን ሕይወት ከልጅነታቸው ጀምሮ ይከተላል። በአባታቸው በንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞት ጊዜ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ መውደቃቸውን፣ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መመለሳቸውን፣ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት፣ የንጉሠ ነገሥትነታቸውን ዘመንና ያስገቡትን ሥልጣኔ ያወሳል። ምኒልክ የሚቀርቡት ርኅሩኅ፣ አስተዋይና ሥልጣኔ ወዳድ ተደርገው ነው። የምኒልክ ምስል እንዲደምቅ ግን ቀደምቶቻቸው ጠቁረው ይታያሉ። ቴዎድሮስ በጭካኔያቸው ብቻ የሚታወሱ ሲሆን ዮሐንስም ብርቱ ነቀፋ ይደርስባቸዋል።

ይህን አጻጻፍ ለመረዳት ጸሐፊው የነበሩበትን ሁኔታ ማስታወስ ይጠቅማል። አፈወርቅ ከአድዋ ጦርነት በኋላ ከአገራቸው ቤተ መንግሥት የራቁ ሰው ነበሩ። ንጉሡን የሚያወድስ መጽሐፍ ወደ አገር የሚመለሱበትን በር ሊከፍትላቸው ይችል ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ አጥኚዎች መጽሐፉን እንደ ታሪክ ብቻ ሳይሆን እንደ ዕርቅ ልመናም ያነቡታል።

የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ትችት

ለመጽሐፉ ከተሰጡት መልሶች በጣም የታወቀው የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 በአድዋ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አውሮፓ የተሻገሩና በጀርመን የተማሩ ምሁር ነበሩ። አጤ ምኒልክ እና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው በ1904 ዓ.ም. በአስመራ ታተመ።

ገብረ ሕይወት ወደ ነገሥታቱ ከመግባታቸው በፊት የታሪክ ጸሐፊ ሊኖረው የሚገባውን ሦስት ነገር ይዘረዝራሉ። የመጀመሪያው የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ ሁለተኛው ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ሦስተኛው ያየውንና የፈረደውን በግልጽ የሚያስረዳ ቋንቋ ነው። የአገሪቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ትንሹን እያተለቁና ዋናውን እያለፉ፣ በአድልዎም እየጻፉ ይህን መንገድ ስተዋል ይላሉ። አፈወርቅ በአፄ ዮሐንስ ላይ ያቀረቡትን ነቀፋ የሚቃወሙትም ከዚሁ መለኪያ ተነሥተው ነው። ገብረ ሕይወት ቴዎድሮስን፣ ዮሐንስንና ምኒልክን በየተራ እያነሡ የእያንዳንዳቸውን በጎ ሥራና ጉድለት ለመመዘን ሞክረዋል። በመጨረሻም ስለ ግብር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ወታደር አደረጃጀትና ስለ ሃይማኖት ነፃነት የለውጥ ሐሳብ አቅርበዋል።

ይህ ክርክር በዘመናዊው የኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። በሕይወት ያለ ገዥ ታሪክ ሲጻፍ ጸሐፊው የማንን ሞገስ እንደሚፈልግ የሚጠይቅ የታሪክ ትችት በአማርኛ ታትሞ የወጣው በዚህ አጋጣሚ ነው።

ወደ አገር መመለስና የድሬዳዋ ነጋድራስነት

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ገደማ ኔፕልስን ለቀው ወደ ኤርትራ ሄዱ። ከልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረድ በኋላ ደግሞ በአዲስ አበባ በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መንግሥት ዘንድ ተቀባይነት አገኙ። ራስ ተፈሪ የውጭ ቋንቋና ትምህርት ያላቸውን ሰዎች በሥራ ላይ ለማዋል ይፈልጉ ነበርና በ1910ዎቹ ዓ.ም. አፈወርቅን የድሬዳዋ ነጋድራስ አድርገው ሾሟቸው።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱን በተራራው ላይ ወደ ሐረር ማውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ ጣቢያው ከሥር በሜዳው ላይ ተሠራ፤ ከተማዋም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን የባቡሩ ኩባንያ ሠራተኞችና የውጭ ዜጎች የሰፈሩበት በዕቅድ የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የገበያው ሰፈር መጋላ ይገኛሉ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ፈረንሳዩ በአንድ ገበያ ይገናኙባት ነበር። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር የሚመጣውና ወደ ባሕር የሚሄደው የአገሪቱ ንግድ ትልቁ ክፍል በድሬዳዋ ያልፍ ጀመር። ቡና፣ ቆዳና ሰም ወደ ውጭ ሲወጣ ጨርቃ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይገባ ነበር።

በዚህች ከተማ ነጋድራስ መሆን ትልቅ ኃላፊነት ነበር። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ ጥንት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ የጉምሩክ ሹም ሆነ። ቀረጥ ያስከፍላል፣ ገበያውን ይቈጣጠራል፣ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ይዳኛል። በድሬዳዋ ደግሞ ከውጭ ዜጎችና ከባቡሩ ኩባንያ ጋር በየቀኑ መነጋገር ያስፈልግ ስለ ነበር ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሹም ተመራጭ ነበር።

ተቺያቸው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም እ.ኤ.አ. በ1919 እስኪሞቱ ድረስ በዚሁ የጉምሩክ ኃላፊነት ላይ ቆይተዋል። ገብረ ሕይወት ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፋቸው ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ከንግዱ ይልቅ ጉዳቱ እንደሚበዛበት ያስረዳል። ድሬዳዋ ይህ ልውውጥ በየቀኑ በባቡር ሲጫንና ሲራገፍ የሚታይባት ከተማ ነበረች። በነገሥታት ታሪክ አጻጻፍ የተለያዩት ሁለቱ ምሁራን የአገሪቱን ዋና የንግድ በር በየተራ መጠበቃቸው የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት የነበረበትን ዘመን ያሳያል።

ከድሬዳዋ ቀጥሎ አፈወርቅ በኢትዮጵያውያንና በውጭ ዜጎች መካከል የሚነሡ ክሶችን የሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ልዩ ፍርድ ቤቱ የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ ስለሚዳኙበት ሁኔታ ከውጭ መንግሥታት ጋር በተደረጉ ውሎች ላይ የተመሠረተ ነበር። ለዚህም ሥራ የቋንቋ ዕውቀታቸውና በድሬዳዋ ያገኙት ልምድ ጠቅሟቸዋል።

በሮም፣ በወረራው ዘመንና ከዚያ በኋላ

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ በ1920ዎቹ ዓ.ም. አፈወርቅ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ወደ ሮም ተላኩ። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ሲነሣና ጣሊያን ጦሯን ስታዘጋጅ በጠላት ዋና ከተማ የአገራቸው ወኪል እርሳቸው ነበሩ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረች። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ አፈወርቅ ከወራሪው መንግሥት ጋር መተባበርን መረጡ። ለጣሊያን አገዛዝ የሚሰብኩ ጽሑፎችን በአማርኛ ያወጡ ሲሆን፣ አፈ ቄሳር የሚል ማዕረግም ተሰጣቸው። የክርስትና ስማቸው የወርቅ አንደበት ማለት ሲሆን፣ አዲሱ ማዕረግ የቄሳር አንደበት ማለት ነበር። በዚያው ዘመን ብዙ የተማሩ ወጣቶች በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በጣሊያኖች እጅ ተገድለዋል፤ ሌሎችም በአርበኝነት ጫካ ገብተዋል ወይም ተሰድደዋል። የአፈወርቅ ምርጫ ከዚህ አንጻር ሲታይ በትውልዱ ዘንድ ከባድ ቁጣ አስከተለ።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። የተፈረደባቸው የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላቸው ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ። በመጨረሻ ዓመታቸው የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1947 በዚያው አረፉ።

ትሩፋት

ስለ አፈወርቅ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ሆኖ አያውቅም። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ለአማርኛ ዝርው ድርሰት መንገድ የከፈቱ ደራሲ አድርገው ያስቀምጧቸዋል። የፖለቲካ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ በሁለት ጦርነት ከአገራቸው ጠላት ጋር የቆሙ ምሁር ናቸው ይላሉ። ፈረንሳዊው አጥኚ አላን ሩኦ እ.ኤ.አ. በ1991 በሕይወታቸው ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። ታሪክ ጸሐፊው ባሕሩ ዘውዴም ስለ ቀደምት የለውጥ ምሁራን ባደረጉት ጥናት ከገብረ ሕይወት ጋር አብረው መርምረዋቸዋል።

የዳግማዊ ምኒልክ ታሪካቸው ዛሬም ይነበባል። ተመራማሪዎች ግን መጽሐፉን የሚጠቀሙበት ከሌሎች ምንጮች ጋር እያመሳከሩ ነው፤ በተለይ ስለ ቴዎድሮስና ስለ ዮሐንስ የሚለውን እንዳለ አይቀበሉትም። ስለ ምኒልክ ዘመን ከሚሰጠው መረጃ በተጨማሪ፣ አንድ የተማረ ኢትዮጵያዊ ከስደት ሆኖ ለአገሩ ንጉሥ ምን ዓይነት ምስል ለማቅረብ እንደ ፈለገ ማስረጃ ይሆናል። የገብረ ሕይወት ትችትም ከእርሱ ጋር ጎን ለጎን ስለሚነበብ፣ ሁለቱ ጽሑፎች የታሪክ ተማሪዎች የምንጭን አድልዎ መመርመር የሚለማመዱባቸው የአማርኛ ጽሑፎች ሆነዋል።